ምናባዊ ልቦለዳችሁ መቼ ይውጣ? የኅትመት የጊዜ ሰሌዳ ከጅማ ሆኖ እንዴት እንደሚወጣ

ረቂቁ አልቋል። ቤተሰቡም፣ ጓደኛውም፣ ምዕራፎቹን ቴሌግራም ላይ ሲከታተል የከረመውም ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «መቼ ነው የሚወጣው?» ብዙ ጀማሪ ደራሲ እዚህ ላይ አፉ ላይ የመጣለትን ወር ይናገራል። «ለአዲስ ዓመት» ይላል። ከዚያ አዲስ ዓመት ይመጣል፣ መጽሐፉ አይመጣም።

መጽሐፍ የሚወጣበትን ቀን የሚወስነው ጽሑፉ ያለቀበት ቀን አይደለም። የአርታኢው ጊዜ፣ የማተሚያ ቤቱ ወረፋ፣ የወረቀት ዋጋ፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንባቢው ኪስ ውስጥ ገንዘብ የሚገኝበት ወቅት ነው የሚወስነው። ስለዚህ ቀን የሚቆረጠው ከፊት ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። መጀመሪያ የምረቃውን ቀን ትመርጣላችሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ረቂቁ ማለቅ የነበረበት ቀን ካለፈ የምረቃው ቀን ይገፋል እንጂ መሐል ላይ ያለው ሥራ አይቆረጥም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ጅማ ተቀምጦ በአማርኛ ምናባዊ ልቦለድ (ፋንታሲ፣ አስማትና የተፈጠረ ዓለም ያለበት ልቦለድ) ለሚጽፍና በራሱ ገንዘብ ለሚያሳትም ሰው ነው። አብዛኞቻችን የምናሳትመው እንደዚያ ነውና።

1. ትልልቆቹ አሳታሚዎች እንዴት እንደሚቆጥሩ እዩ

አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ደራሲው ውል ከፈረመበት ቀን ጀምሮ መጽሐፉ መደብር እስኪገባ አንድ ዓመት ተኩልም ሁለት ዓመትም መውሰዱ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ለአርትዖት ብቻ አይደለም። አሳታሚው ዓመቱን በወቅት ይከፋፍልና ለየወቅቱ የሚያወጣቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ያዘጋጃል። የሽያጭ ሠራተኞቹ ያንን ዝርዝር ይዘው ከወራት በፊት መጻሕፍት መደብሮችን ያነጋግራሉ። ለሐያሲያን የሚላከው ቅድመ ኅትመት ቅጂም ከወራት በፊት መድረስ አለበት። ቀኑም ቢሆን ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አዲስ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ይወጣል፣ እንግሊዝ ውስጥ ሐሙስ።

ሌላም ነገር አለ። አንድ አሳታሚ ሁለት ትልልቅ ምናባዊ ልቦለዶችን በአንድ ወር ማውጣት አይፈልግም። የሁለቱም ገዢ ያው አንድ አንባቢ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ያለቀ መጽሐፍ ተራውን ሊጠብቅ ይችላል። «አልቋል ከተባለ ለምን አይወጣም?» እያላችሁ የምትናደዱ አንባቢዎች፣ ከመልሱ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

ሰሌዳው ሊታጠፍ የሚችልበትም ጊዜ አለ። የአሜሪካዊው ደራሲ የጆርጅ አር አር ማርቲን «ኤ ሶንግ ኦፍ አይስ ኤንድ ፋየር» የተባለ ምናባዊ ተከታታይ አምስተኛ ቅጽ ጥሩ ምሳሌ ነው። አራተኛው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አምስተኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2011 እንደሚወጣ የተነገረው ግን በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ነበር። ደራሲው ያኔም መጽሐፉን ገና እየጨረሰ ነበር። አራት ወር ገደማ ብቻ! አሳታሚው ይህን ያደረገው መጽሐፉ እንደሚሸጥ እርግጠኛ ስለነበረ ነው። እንዲህ ላለ መጽሐፍ ወረፋው ይከፈታል። የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህ ጉልበት የለውም፣ ስለዚህ የሌላ ሰው አራት ወር የእኛ መለኪያ አይሁን።

ወረቀትና ማጓጓዣም ቀን ይገፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወረቀት እጥረትና የወደብ መጨናነቅ ሲመጣ የብዙ ያለቁ መጻሕፍት መውጫ ቀን ተቀይሯል። ሀብታም አሳታሚ ያመለጠውን እኛ በምኞት አናመልጠውም።

2. ወሩን ምረጡ

ከሁሉም ውሳኔ ከባዱ ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አስቡበት።

ብዙ ሰው መስከረምን ይመርጣል። አዲስ ዓመት ነው፣ የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ አለ፣ ስሜቱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ መጽሐፍ መስከረምን አልመክርም። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ መመዝገቢያ የወላጅን ኪስ ያራቁታሉ። ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማተሚያ ቤቶች ይጨናነቃሉ። የመማሪያ መጽሐፍ፣ ካላንደር፣ አጀንዳ፣ የድርጅቶች የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። የእናንተ አንድ ሺህ ቅጂ ከአንድ ትልቅ ድርጅት የካላንደር ትእዛዝ በፊት አይታተምም። ማተሚያ ቤቱን አትውቀሱት። እሱም የሚኖረው በትልልቆቹ ደንበኞቹ ነው።

ክረምቱስ? ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ከባዱም ክረምት ላይ ነው። መጽሐፍ ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው። ወረቀቱ ይሻግታል፣ ሽፋኑ ይጠቀለላል፣ ሙጫው ይለቃል። ተማሪውም በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ የለም።

ለጅማ የእኔ ምርጫ የኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ቡና መልቀም የሚጀመረው በጥቅምት ገደማ ነው፣ እስከ ታኅሣሥና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማና የሚመጣ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ አለው። ከተማው ውስጥ ያለው ነጋዴም፣ ሱቁም፣ ባጃጁም ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ ቀንሷል፣ መንገዱ ደህና ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ግቢ ገብቷል። ይህን የመጨረሻውን ግን አረጋግጡ። ባለፉት ዓመታት የዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ደጋግሞ ተቀያይሯል። የዘንድሮውን ካላያችሁ በአምናው አትተማመኑ። የምናባዊ ልቦለድ ዋናው አንባቢ ወጣቱ ነው፣ ወጣቱ ከተማው ውስጥ ከሌለ ምረቃው ባዶ አዳራሽ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ያለው ነው፤ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ። እዚህ ላይ ግን የረመዳንን ቀን ቁጠሩ። ጅማ ላይ ይህን ሳይቆጥሩ ቀን መቁረጥ የከተማውን ትልቅ ክፍል ከምረቃው ማስቀረት ነው። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀድሞ ይገባል። የ2018 ዓ.ም. ረመዳን መግቢያ የካቲት ውስጥ ነው፣ የሚቀጥሉት ዓመታት ደግሞ ወደ ጥር እየገቡ ይሄዳሉ። ዐቢይ ጾምም 55 ቀን ነው። በጾም ወቅት መጽሐፍ አይሸጥም ማለቴ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ቡናና ዳቦ ቀርቦለት የሚካሄድ ምረቃ ግን ለጾመኛ እንግዳ አይመችም። ኢድ ወይም ፋሲካ ካለፈ በኋላ አድርጉት።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ደራሲዎችን ጠይቁ። ያንን ወር ማን ይዞታል? ታዋቂ ደራሲ ረጅም የተጠበቀ መጽሐፉን በዚያው ሳምንት የሚያወጣ ከሆነ ሁለት ሳምንት ፈቀቅ በሉ። የመጻሕፍት መደብር ሰዎች ይህን ቀድመው ያውቃሉ፣ ደውሉላቸው።

3. ወደ ኋላ ቁጠሩ

የምረቃው ቀን ኅዳር 20 ገደማ ያለ ቅዳሜ ነው እንበል። አንድ ወረቀት ውሰዱና ይህን ቀን ከታች ጻፉ። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ።

መጽሐፉ ጅማ፣ እጃችሁ ላይ መድረስ ያለበት እስከ ኅዳር 1 ነው። ሦስት ሳምንት ትርፍ ማለት ነው፣ እሱን እንዳትነኩት። የማተሚያ ቤቱ ሥራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይሁን። ስለዚህ የመጨረሻው ናሙና ላይ የምትፈርሙት እስከ መስከረም 20 ነው። የገጽ ቅንብር፣ ሽፋንና ካርታ ሐምሌንና ነሐሴን ይወስዳሉ፣ የእርማት ንባቡ ጳጉሜንና የመስከረምን መጀመሪያ። አርትዖቱና የእናንተ መልሶ መጻፍ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። የመጀመሪያ አንባቢዎች የካቲትንና መጋቢትን ያግኙ። ስለዚህ ሙሉው ረቂቅ ጥር መጨረሻ ላይ ማለቅ አለበት።

ከጥር እስከ ኅዳር አሥር ወር ነው። ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሆኖም አሥር ወሩ ውስጥ የባከነ ሳምንት የለም። ረቂቃችሁ ሚያዝያ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ኅዳርን ተዉት፣ ከጥምቀት በኋላ ያለውን ያዙ። አርትዖቱን አሳጥራችሁ ኅዳርን ለመድረስ መሞከር ትልቅ ጥፋት ነው።

4. ለአርትዖቱ ከሌላ ልቦለድ የበለጠ ጊዜ ስጡት

ምናባዊ ልቦለድ ከሌላው የሚለየው ዓለሙን ራሳችሁ ስለፈጠራችሁት ነው። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ ልቦለድ ውስጥ «ፒያሳ» የሚለው ቃል ቢሳሳት አራሚው ያውቀዋል። እናንተ የፈጠራችሁት ከተማ ስም ምዕራፍ 3 እና ምዕራፍ 27 ላይ ቢለያይ ግን የትኛው ትክክል እንደሆነ ከእናንተ በቀር ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ለአርታኢው ከመስጠታችሁ በፊት የስም መዝገብ አዘጋጁ። የሰው፣ የቦታ፣ የወንዝ፣ የጎሳ፣ የመሣሪያ፣ የአስማት ስም ሁሉ ይግባበት። ከእያንዳንዱ ጎን መጀመሪያ የታየበት ምዕራፍ ይጻፍ።

ሞክሼ ፊደላት ላይ በተለይ ጠንክሩ። ንጉሡ «ሐራን» ከሆነ ሁልጊዜ በሐመሩ ሐ ነው። አንድ ቦታ «ሀራን»፣ ሌላ ቦታ «ኀራን» ከሆነ ኮምፒውተሩ እንደ ሦስት ሰው ነው የሚያያቸው፣ ፈልጎም አያገኛቸውም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይም እንዲሁ። ይህን ሥራ በአርትዖት ጊዜ መጨረስ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ገጹ ከተቀናበረ በኋላ ከጀመራችሁት ግን መስመሩ እየተንሸራተተ፣ ገጹ እየተቀየረ ወር ይበላል።

ጅማ የምንኖር ጸሐፊዎች ደግሞ ሌላ ሀብትም ሌላ ኃላፊነትም አለብን። ከጊቤ መንግሥታት ታሪክ፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ ተነስቶ ምናባዊ ዓለም መገንባት የሚያጓጓ ነገር ነው። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አይቶ ምናቡ የማይነቃ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። ከዚህ ከተነሳችሁ ግን ረቂቁን አፋን ኦሮሞ አፍ የፈታ፣ ታሪኩንም የሚያውቅ ሰው ያንብበው። ስሞቹን፣ ማዕረጎቹን፣ የገዳና የሞቲ (የንጉሥ) ሥርዓቱን ያያል። ለዚህ ሰው አንድ ወር ስጡት፣ ከአርታኢው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። አንድ ትልቅ አባት አንብበው «ልጄ፣ ይሄ ስም እንዲህ አይባልም» ቢሏችሁ ከሕትመት በፊት ስለሆነ ተመስገን ነው።

የመጀመሪያ አንባቢዎቻችሁን በተመለከተ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። ግማሾቹ ምናባዊ ልቦለድ አንብበው የማያውቁ ይሁኑ። እነሱ የጠፋባቸው ቦታ ላይ ነው ዓለማችሁ በደንብ ያልተገለጸው። የመመለሻ ቀን ቁረጡላቸው። ቀን ካልተቆረጠለት ወዳጅ ረቂቅ አይመለስም።

5. ወረቀት ሥራዎቹን ሐምሌ ላይ ጨርሱ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ከተረሳ ቀን ይገፋል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ (አይኤስቢኤን) የሚገኘው ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። 13 አሃዝ አለው፣ ብዙ የአገራችን መጻሕፍት ላይ በ978-99944 የሚጀምረው ማለት ነው። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ስለሚገባ ሽፋኑ ሳያልቅ መምጣት አለበት። አዲስ አበባ የምታምኑት ሰው ካለ ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይጠይቅላችሁ።

የቅጂ መብታችሁ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። መብቱ የሚገኘው ሥራውን በመፍጠር እንጂ በምዝገባ አይደለም። ምዝገባው ግን ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ስለሚሆን ቢደረግ ጥሩ ነው። የመውጫ ቀናችሁን ግን አያቆምም።

6. ገጹ፣ ካርታውና ሽፋኑ

የሽፋን ሠዓሊውን አርትዖቱ እስኪያልቅ አትጠብቁት። ሚያዝያ ላይ ሦስት ምዕራፍና የስም መዝገቡን ስጡት። ካርታ ካለ ካርታውን የሚሠራው ሰው የመጨረሻ የቦታ ስሞችን ማግኘት አለበት፣ ስለዚህ ከሰኔ በፊት አይጀምር።

የገጽ ቅንብር ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጓትተው የፊደል ጉዳይ ነው። እናንተ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የምትጽፉት በዩኒኮድ ነው። አንዳንድ አቀናባሪ ግን እስከ ዛሬ የሚሠራው በፓወር ግዕዝ፣ ከዩኒኮድ ጋር በማይግባባ አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ ፊደል ይዘላል፣ ሥርዓተ ነጥብ ይቀየራል። እንደ «ዸ» ያሉ ለኦሮምኛ ስሞች የሚያስፈልጉ ፊደላት አሮጌው ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት አምስት ገጽ ሰጥታችሁ አስሞክሩ። ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ በዩኒኮድ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ። ከዋጋው በላይ ጊዜ ያተርፍላችኋል።

የገጽ ብዛትንም አሁን ወስኑ። መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ነው፣ ወረቀቱ ሲታጠፍ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። 320 ገጽ ልክ 20 እጥፍ ነው። 325 ገጽ ግን 21 እጥፍ ይፈልጋል፣ 11 ባዶ ገጽ ይተርፋል። ምናባዊ ልቦለድ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። የተረፈውን በካርታ፣ በስም መዝገብ፣ በነገሥታት የዘር ሐረግ መሙላት ይቻላል። ወይም ቅንብሩን ጠበቅ አድርጎ አምስቱን ገጽ መቀነስ ይቻላል። ይህ ውሳኔ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መሆን አለበት፣ የገጽ ብዛት ከተቀየረ ዋጋውም ወረፋውም እንደ አዲስ ይጀመራልና።

መጽሐፉ ከ600 ገጽ በላይ ከሆነስ? ለሁለት ክፈሉት። ወፍራም መጽሐፍ በሙጫ ብቻ ከተጠረዘ መሐሉ ላይ ይፈነከታል። ቢሰፋ ይሻላል፣ ስፌቱ ግን ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል።

7. ማተሚያ ቤቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ማተሚያ ቤት ብዙ ነው። በ1914 ዓ.ም. ከተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ጀምሮ ጓሮ ቤት ውስጥ አንድ ማሽን ይዘው እስከሚሠሩት ድረስ። ከሁሉም ጋር የሚሠራ አንድ እውነት አለ። አንድ ሺህ መጽሐፍ ለማተም ማሽኑ የሚፈልገው ጥቂት ቀን ነው። ወሩን የሚበላው ወረፋው ነው።

ስለዚህ ስትደራደሩ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ከእኔ በፊት ምን ሥራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማሽን ላይ የሚወጣው በየትኛው ሳምንት ነው?» በሉ። ጥረዛው እዚያው የሚሠራ ነው ወይስ ሌላ ቤት ይላካል? ሌላ ቤት ከሆነ ሁለተኛ ወረፋ አለ ማለት ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ካላገኛችሁ ዋጋው ቢረክስም እለፉት።

የወረቀት ነገር ለብቻው መታየት አለበት። አገራችን ለመጽሐፍ የሚሆነውን ወረቀት በብዛት የምታመጣው ከውጭ ነው። የምንዛሪ ዋጋ ሲቀየር የወረቀት ዋጋ ይቀየራል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ይህን ሁሉም ነጋዴ ያውቀዋል። ዋጋ ማቅረቢያ ላይ የሚያበቃበት ቀን የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ሰኔ ላይ የተሰጣችሁን ዋጋ ይዛችሁ መስከረም ላይ ብትሄዱ ላያውቁት ይችላሉ።

መፍትሔው ወረቀቱን ቀድሞ መግዛት ነው። ቅድሚያ ክፍያውን ነሐሴ ላይ ክፈሉና «ለወረቀት» ተብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ ተገዝቶ በስማችሁ እንዲቀመጥ ውሉ ውስጥ ይግባ። ገንዘባችሁ ቀድሞ ይታሰራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቅምት ላይ «ዋጋ ጨምሯል፣ ልዩነቱን አምጡ» ከመባልና ገንዘብ ፍለጋ ወር ከማባከን ይሻላል።

ውሉ ውስጥ የርክክብ ቀኑ በቁጥር ይጻፍ። «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል አትቀበሉ። ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ይጻፍ፣ የተበላሸ ቅጂ በማን ሒሳብ እንደሚተካ ይጻፍ።

ናሙናው ሲወጣ አዲስ አበባ ሂዱ። ስልክ ላይ በፎቶ አይታይም። የሽፋኑን ቀለም፣ የገጾቹን ቅደም ተከተል፣ ካርታው መሐል መታጠፊያው ላይ ከተማ ውጦ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ከፈረማችሁ በኋላ የሚገኝ ስሕተት የእናንተ ነው።

8. ከአዲስ አበባ ጅማ

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልቂጤ አድርጎ በጊቤ በረሃ ወርዶ መውጣት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ክብደቱን አስሉት። በኤ ፋይቭ መጠን፣ ባለ 70 ግራም ወረቀት የታተመ 320 ገጽ መጽሐፍ 365 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሺህ ቅጂ 365 ኪሎ ነው። ይህ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫን አይደለም። ሁሉንም ጅማ ማምጣት አያስፈልግም። አብዛኛውን አዲስ አበባ ለአከፋፋይ አስረክቡ። ለምረቃውና ለከተማው መደብሮች የሚበቃውን ብቻ አምጡ። ወደ ጅማ ዕቃ የሚያመጣ አይሱዙ ካለ ጭነት አስጋሩት። ካርቶኑ በላስቲክ ይጠቅለል። ቤት ሲገባ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ከሥሩ ጣውላ አድርጉለት፣ ከግድግዳም ፈቀቅ ይበል።

ከአከፋፋዩ ጋር አንድ ነገር ተስማሙ፤ ሽያጩ የሚጀመርበት ቀን። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከተሸጠ የጅማው ምረቃ ትኩሳቱን ያጣል። ለዚህ ነው ውጭ አገር መጽሐፉ ቀድሞ ካርቶን ውስጥ ሆኖ መደብር ቢደርስም ከተባለው ቀን በፊት የማይከፈተው።

9. መቼ ይነገር?

ናሙናው ላይ እስክትፈርሙ ድረስ ቀን አትናገሩ። ሰው ሲጠይቅ «ዘንድሮ፣ ከክረምት በኋላ» በቂ መልስ ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ወሩን፣ መጽሐፉ ጅማ ከገባ በኋላ ቀኑን ተናገሩ። አዳራሹን ግን መስከረም ላይ ያዙ፣ የኅዳር ቅዳሜ በሠርግ ይያዛል። ፖስተሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን። የጅማው መርካቶም፣ ፈረንጅ አራዳም፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በርም ላይ የሚያነበው ሰው የሁለቱም ቋንቋ ባለቤት ነውና።

ሽፋኑን ቀድማችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። አንድ ምዕራፍም መልቀቅ ይቻላል። አንባቢን የሚያስቆጣው መጠበቁ አይደለም፣ የተነገረው ቀን ሦስት ጊዜ መቀየሩ ነው።

10. ቢዘገይስ?

ሁለተኛ ቀን ከመጀመሪያው አብራችሁ ምረጡ። መጽሐፉ እስከ ኅዳር 10 እጃችሁ ካልገባ ምረቃውን በቀጥታ ከጥምቀት በኋላ ወዳለው ቅዳሜ አዙሩት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አታስገቡት፣ የገና ወጪና የበዓል ጉዞ አለ። ለአዳራሹም፣ ለእንግዳውም፣ ለአከፋፋዩም በአንድ ቀን ንገሩ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማተሚያ ቤቱን በአደባባይ አትስደቡ፣ ሁለተኛውን ቅጽ የሚያትመው እሱ ሊሆን ይችላል።

11. የስልክ ቅጂና ሁለተኛው ቅጽ

የዲጂታል ቅጂው ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ሁለቱም ተሞክሯል። «የዊል ኦፍ ታይም» የተባለው የእንግሊዝኛ ምናባዊ ተከታታይ የመጨረሻው ቅጽ በወረቀት እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2013 ወጥቶ የዲጂታል ቅጂው የቆየው እስከ ሚያዝያ 9 ነው። ሦስት ወር ማለት ነው። የወረቀቱን ሽያጭ ለመጠበቅ ነበር፣ አንባቢው ግን አጉረምርሟል። እኛ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ማንም ሰው መጽሐፉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ሊለቅ ይችላል። ሕጋዊው ቅጂ ከሌለ ደግሞ ውጭ አገር ያለው አንባቢ ያንን ይወስዳል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ቢበዛ ከአንድ ወር በላይ አለማቆየት ነው፤ የሚከፈልበት መተግበሪያ ላይ አድርጎ።

ተከታታይ ከሆነ የአንደኛውን ቅጽ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የሁለተኛው ረቂቅ ተጽፎ ይለቅ። በአንደኛው የተናገራችሁትን ሕግ ሁለተኛው ላይ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል፣ ያኔ አንደኛው ከታተመ መመለሻ የለም። ደግሞም በሁለቱ መካከል ከአንድ ዓመት ብዙ ካለፈ አንባቢው ስሞቹን ይረሳል። አንደኛው ኅዳር ከወጣ ሁለተኛውም በሚቀጥለው ኅዳር ይውጣ፤ የማተሚያ ቤቱንም ወረፋ አንደኛው ሳይመረቅ ያዙት፣ የሁለተኛው ቅጽ ሰሌዳ ላይ ጥር መጨረሻ ቅርብ ነው።